እሳት የሚያመልከው ማነው?

ስድብ ሲደጋገም ዕውቀት ይመስላል። በወለጋ ከተሞች፣ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ እንደ ዕውቀት ከሚነገሩት ስድቦች አንዷ «እሳት አምላኪ» የምትለዋ ናት። የምትወረወረው በዋቄፈታዎች ላይ ነው፤ የአባቶቻቸውን የዋቄፈና እምነት ይዘው በቀሩት ኦሮሞዎች ላይ ማለቴ ነው። ተሳዳቢው እንደ ቀኑ ሁኔታ ያፈራርቃታል። ሰዎቹን ኦዳ ሥር ቆመው ሲያያቸው «ዛፍ አምላኪ» ይላቸዋል። ወንዝ ዳር እርጥብ ሣር ይዘው ሲያያቸው «ውሃ አምላኪ» ይሆናሉ። ማታ ምድጃ ዙሪያ ተቀምጠው ሲመርቁ ከደረሰባቸው ደግሞ «እሳት አምላኪ» ሆነው ያድራሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአንድ ሕዝብ ሦስት አምላክ ሲቀያየርለት «ቆይ እስቲ፣ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ይገርመኛል።

ይህን የምጽፈው ከሲሬ ሆኜ ነው። የአርሲዋን ሲሬ ማለቴ አይደለም። የኛዋ ሲሬ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተቀመጠችው የሲቡ ሲሬ ወረዳ ከተማ ናት። አስቀድሜም ልናገር፦ ዋቄፈታ አይደለሁም። ከክርስቲያን ቤት ተወልጄ በክርስትና የምኖር ሰው ነኝ። ስለዚህ «ለራሱ እምነት ጥብቅና ቆመ» የሚለኝ ቢኖር ተሳስቷል። ከራሴ ቤት ሰዎች ጋር ልጣላ ነው የተነሣሁት ቢባል ይቀርባል።

ለመሆኑ ዋቄፈታ የሚያምነው ምንድን ነው? ዋቃ አንድ ነው ይላል። ሰማይንና ምድርን፣ ሰውንና ከብትን የፈጠረ እርሱ ነው። ምስል አይሠራለትም፣ ሐውልት አይቆምለትም። «ዋቃ ጉራቻ» እያለ ይጠራዋል፤ ጥቁሩ ዋቃ ማለት ነው። ጥቁር መባሉ ስለ መልክ አይደለም፤ ጥልቅ ውሃና የሌሊት ሰማይ ጥቁር እንደሚባሉት፣ ዐይን ዘልቆ ሊያየው የማይችለው ማለት ነው። ከዋቃ በታች አያና አለ። አያናን በአማርኛ በአንድ ቃል መተርጎም አስቸጋሪ ነው፤ መንፈስም ነው፣ ዕድልም ነው፣ ዋቃ በየፍጥረቱና በየቀኑ የሚገለጥበት መንገድም ነው። ቃሉ የሚባለው የሃይማኖት አባት አለ። ሣፉ የሚባል ሕግም አለ፤ ልጅ ከአባቱ ፊት፣ ሰው ከአውሬው ፊት፣ ገበሬ ከመሬቱ ፊት ምን ያህል ማፈርና መጠንቀቅ እንዳለበት የሚደነግግ ያልተጻፈ ሕግ ነው።

ላምበርት ባርተልስ የተባሉ ሆላንዳዊ የካቶሊክ ቄስ በወለጋ ከመጫ ኦሮሞዎች ጋር ለብዙ ዓመታት ኖረው፣ ሽማግሌዎችን ቁጭ ብለው ጠይቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ስለ ኦሮሞ ሃይማኖት አንድ ጠና ያለ መጽሐፍ አሳትመዋል። ንዑስ ርእሱ ላይ ሥራቸውን «ለመረዳት የተደረገ ሙከራ» ነው ያሉት። አያችሁልኝ? የሌላ ሃይማኖት ቄስ ናቸው፣ ከሌላ አህጉር መጥተዋል፣ ዓመታት ፈጅተዋል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ «ሞከርኩ» አሉ። የኛ ሰው ግን ከባኮ ሲሬ እስኪደርስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ጉዳዩን ጨርሶ ይፈርዳል።

ወደ እሳቱ ልመለስ። የወለጋን ምድጃ የማያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ቡነ ቀላ የሚባል ነገር አለ። የደረቀው ቡና ከነገለባው ጫፉ በጥርስ ተነክሶ፣ በቅቤ ይጠበስና ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይቀማምሰዋል። «ቀላ» ማረድ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ እንደ ሰንጋ የሚታረድ ቡና ማለት ነው። (በተሳዳቢዎቻችን ሎጂክ ከሄድን ወለጋ ቡና የሚሠዋ ሕዝብ ነው ሊባል ነው!) ሽማግሌው እዚያው ምድጃው ዳር ሆኖ ይመርቃል። ከብቱ ይርባ፣ ልጁ ይደግ፣ የታመመው ይነሣ፣ ዝናቡ በጊዜው ይምጣ ይላል። ተቀማጩ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ እያለ ይቀበላል። ይህን ምርቃት ከልጅነቴ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቁጥሩን አላውቀውም። የሚለመነው ዋቃ ነው። እሳቱን የሚያነጋግር ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እሳቱን የሚያነጋግሩት እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ጭስ ያስለቀሳቸው እናቶች ናቸው፤ እነርሱ የሚሉት ደግሞ ጸሎት አይባልም።

ምድጃ ዙሪያ መጸለይ እሳት ማምለክ ከሆነ፣ መስከረም ሲመጣ ምን ልንል ነው? ደመራ በ16 ማታ ወይም በ17 ንጋት እንደየአካባቢው ይለኮሳል። በብዙ የኦሮሞ አካባቢ የችቦው ማታ «ጉባ» ይባላል፤ ከማቃጠል የመጣ ስም ነው። ሕዝቡ ደመራውን ይዞራል፣ ይዘምራል፣ አመዱን ግንባሩ ላይ ይቀባል፣ ምሰሶው በየት በኩል እንደወደቀ አይቶ ዓመቱን ይተረጉማል። ዓለምም አድንቆት እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ደመራ የዞረውን ሰው እሳት አምላኪ ያለ ጤነኛ ሰው አላየሁም፤ እንዲባልም አልሻም። እሳቱ ስለ ንግሥት እሌኒና ስለ መስቀሉ መገኘት እንደሚናገር ሁሉም ያውቃል። ይህንኑ ዕውቀት ለምድጃው ሽማግሌ መንፈግ ምን ይባላል?

«እኛ ደመራም አንዞርም» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። በኛ አገር ይህን የሚለኝ ብዙ ነው፤ ወለጋ ወንጌላውያን የበዙበት አገር ነውና። መልካም፣ አትዙር። ግን ወንድሜ፣ እሑድ ጠዋት በድምፅ ማጉያ «እሳት ውረድ! እሳት!» እያለ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ማን ነው? ያንተው ሰባኪ አይደለም እንዴ? እርሱ የሚጠራው የመንፈስ ቅዱስን እሳት እንደሆነ ይገባኛል። ሙሴ ቁጥቋጦው ሲነድ አይቶ ጫማውን ያወለቀው ለነበልባሉ እንዳልሆነም ይገባኛል። አንተም ስለ ራስህ ሲሆን ምሳሌንና ባለ ምሳሌውን መለየት አይቸግርህም። የጎረቤትህ ምድጃ ላይ ስትደርስ ነው የሚጠፋብህ።

ክሱ ለኛ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስለን። በፋርስ ምድር የዞሮአስተር ተከታዮች አሁራ ማዝዳ የሚሉትን አንድ ጌታ ያመልካሉ። በቤተ መቅደሳቸው እሳት ያነዳሉ፤ ያዝድ በምትባለው ከተማ ያለው እሳት እ.ኤ.አ. ከ470 ጀምሮ ሳይጠፋ እንደኖረ ይነገራል። እሳቱ የንጽሕናና የእውነት ምልክት፣ ሲጸልዩ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ብርሃን እንደሆነ እነርሱ ከሺህ ዓመት በላይ ሲያስረዱ ኖረዋል። ጎረቤቶቻቸው ግን «አታሽ ፓራስት»፣ እሳት አምላኪ፣ የሚል ስም ለጠፉባቸው። ስሙ ጨዋታ አልነበረም። መጽሐፍ ያለው፣ ነቢይ ያለው፣ አንድ አምላክ ያለው ሕዝብ ከለላ ይገባዋል፤ እሳት የሚያመልክ ግን ጣዖታዊ ነውና አይገባውም የሚል ፍርድ ከስሙ ጋር ይመጣ ነበር። ስንቱ ሃይማኖቱን ለወጠ፣ ስንቱ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ ገባ! ዛሬ እንኳ በኢራን፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሕገ መንግሥት በ13ኛው አንቀጹ ዞሮአስተራውያንን ከአይሁድና ከክርስቲያኖች ጋር የታወቀ ሃይማኖት ያላቸው አናሳዎች ብሎ ይጠራቸዋል። የእስላማዊ ሪፐብሊኩ ሕግ የተወውን ስም የሲሬ ሻይ ቤት ገና አልተወውም።

እሳት በእርግጥ የተመለከበትን አገር ማየት የሚፈልግ ካለ ደግሞ ወደ ሜክሲኮ ይሻገር። አዝቴኮች ሺውቴኩትሊ የሚባል የእሳት አምላክ ነበራቸው፤ ስም ያለው፣ ምስል ያለው፣ በዓል ያለው፣ ከብዙ አማልክት አንዱ የሆነ። በየ52 ዓመቱ የዘመናቸው ዑደት ሲያልቅ በአገሩ ሁሉ ያለ እሳት ይጠፋል። ሸክላው ይሰበራል፣ ሕዝቡ በጨለማ ይጠብቃል። ካህናቱ ከተማው አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ ወጥተው ከዋክብቱ የሰማዩን መካከል ማለፋቸውን ሲያዩ፣ በአንድ ምርኮኛ ደረት ላይ እንጨት በእንጨት ፈትገው አዲሱን እሳት ይለኩሳሉ፤ የምርኮኛው ልብም ይወጣና ለዚያው እሳት ይሰጣል። ከዚያ ችቦ እየተቀባበለ እሳቱ ወደየቤተ መቅደሱና ወደየቤቱ ይሄዳል። ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1507 ነው። ኮርቴስ ከስፔን ሠራዊት ጋር በ1519 ደረሰ፣ በ1521 ዋና ከተማቸው ወደቀች፣ የሚቀጥለው 52 ዓመት ሲሞላ በዓሉን የሚያደርግ አልነበረም። ይህን የምናውቀው ሳአጉን የተባለው የፍራንሲስካን መነኩሴ የአገሩን ሽማግሌዎች በራሳቸው በናዋትል ቋንቋ እየጠየቀ ስለጻፈው ነው።

እንግዲህ እሳት ማምለክ ይህ ነው። ይህን ከሲሬ ምድጃ ጋር አንድ ስም መስጠት የሚችል ሰው ወይ ሜክሲኮን አያውቅም፣ ወይ ሲሬን አያውቅም። የሚያሳዝነው ሲሬ ተወልዶ ያደገ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በወለጋ ያለ ክርስቲያን በኦሮምኛ ሲጸልይ እግዚአብሔርን ማን ብሎ ነው የሚጠራው? «ዋቃዮ» ብሎ ነው። ይህን ስም ከየት አመጣው? ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት የተሸጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ፣ በስዊድን ሚሲዮን የተማረ ኦሮሞ ነበር። አስቴር ጋኖም እንደ እርሱ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ የወጣች ሴት ነበረች፤ የኦሮምኛ ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን ከትዝታዋ እየቀዳች ለትርጉሙ ሥራ ትሰጥ ነበር። (ስለ አስቴር ብዙ አለመጻፉ ራሱን የቻለ ነውር ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።) ሁለቱ የደከሙበት ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ኦነሲሞስ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» የሚለውን ሊተረጉም ሲቀመጥ ለፈጣሪው የውጭ ስም ሊያመጣ ይችል ነበር። በሜክሲኮ የስፔን መነኮሳት እንዲህ አድርገዋል፤ ከአገሬው የማዕረግ ስሞች ጥቂቱን ቢወስዱም «ዲዮስ» የሚለውን የራሳቸውን ቃል እንዳለ በናዋትል ጸሎት ውስጥ ሰክተውታል። ኦነሲሞስ አላደረገውም። አባቶቹ ኦዳ ሥር የሚጠሩትን ስም ወሰደ። የፈጠረው እርሱ ነው ብሎ አመነ።

እንግዲህ ሁለት ነገር በአንድ አፍ አይሆንም። ዋቃ የእሳት፣ የዛፍ፣ የውሃ ስም ከሆነ፣ በወለጋ ከመቶ ዓመት በላይ በየመቅደሱ የተዘመረው መዝሙር ለማን ነበር? ዋቃ ፈጣሪ ከሆነ ደግሞ፣ ስሙን ያቆዩልንን ሰዎች ስማቸውን እናጠፋለን? የዋቄፈታን ገንዘብ በልተን ዋቄፈታን ሌባ እንደማለት ነው።

አንድ ብልህ ነኝ ባይ «ዋቃ ማለት ሰማይ ማለትም ነው፣ ስለዚህ ሰማይ አምላኪዎች ናቸው» ሲል ሰምቼዋለሁ። የአክሱሙ ኢዛና ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ አስታር፣ ብሔርና ምድር የሚባሉ አማልክት ተጠቅሰዋል። በኋለኛው ጽሑፉ ደግሞ «እግዚአ ሰማይ»፣ የሰማይ ጌታ፣ ይላል። በየቀኑ የምንጠራው «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ውስጥም «ብሔር» የሚለው ቃል አለ። ቃል ከየት እንደመጣ እየቆፈሩ አማኝን መክሰስ ከተጀመረ የሚተርፍ የለም።

ኦነሲሞስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ሲጀምር ምን ገጠመው? በመናፍቅነት ተከሰሰ፣ ማርያምን ሰደበ ተባለ፣ ጉዳዩ አዲስ አበባ ድረስ ደርሶ ለዓመታት እንዳይሰብክ ታገደ። በ1931 እዚያው ነቀምቴ ሞተ። ከዚያም በደርግ ዘመን በወለጋ ስንት የመካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት ተዘጋ! ቄስ ጉዲና ቱምሳ የወለጋ ልጅ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ተወስደው ተገደሉ። «መጤ»፣ «ፀረ ማርያም»፣ «ፀረ አብዮት» እየተባለ የስም ክምር የተጫነበት ቤት ልጅ ነው እንግዲህ ዛሬ ለሌላው ስም የሚያወጣው። የተሰደደ ሰው ስደትን ይጠላል ያለው ማን ነበር?

ስም ምን ያደርጋል፣ ዝም ብሎ ማለፍ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ስም ያደረገውን ልንገረው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ዋቄፈታ ነበር። «አበራ» እያልን ነበር የምንጠራው፤ በኦሮምኛ አጎት ማለት ነው። ወንድሞቹ አንድ በአንድ ክርስቲያን ሲሆኑ እርሱ «እኔን ዋቃ እዚሁ ያውቀኛል» ብሎ ቀረ። ማንንም አልተጣላም፤ የገና ዕለት እኛ ቤት ይመጣል፣ በረመዳን ለጎረቤቱ ለአባ ጂፋር ቤት ወተት ይልካል። የእድር መዋጮውን ለ30 ዓመት ያህል አላጓደለም። ሲሞት ጡሩምባው አልተነፋም። የእድሩ ዳኞች ሌሊቱን ሲነጋገሩ አድረው፣ እሳትና ዛፍ ሲያመልክ ለኖረ ሰው ድንኳን መትከል ከኃጢአቱ መተባበር ነው የሚል ድምፅ አሸነፈ። በአካባቢው ያለ አንድ የጸሎት ቤት መቃብር ያዘ፤ ሌላውም እንዲሁ። እድሩንም ጸሎት ቤቶቹንም በስም አልጠራም፤ ተመሳሳዩን ያደረጉ ብዙ ናቸውና አንዱን ለይቶ ማሳፈር ሌላውን ማዳን ይሆናል። መቃብሩን የቆፈሩት ሙስሊሙ ጎረቤቱና ሁለት የኦርቶዶክስ ልጆች ናቸው። የተቀበረው በራሱ ማሳ፣ ቡናው ዳር ነው። ቦታው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ድሮም ሰው በመሬቱ ይቀበር ነበር። ግን 30 ዓመት የሰው ሬሳ ሲሸከም የኖረ ሰው የሚሸከመው አጥቶ አራት ሰው በቃሬዛ ሲያወጣው ያየሁ እኔ፣ «ስም ምን ያደርጋል» የሚለውን ነገር አልሰማም።

ሌላም አለ። ሰው ሃይማኖት ሲለውጥ የቀድሞ ቤቱን ዕቃ ወደ ውጭ አውጥቶ ማቃጠል በኛ አገር የተለመደ ነው። ጨሌው ይቃጠላል። ጨሌ ሴቶች ከእናት ወደ ልጅ የሚያወርሱት ዶቃ ነው፤ የአቴቴ ዕለት ይደረጋል። የምርቃቱ ዋንጫ፣ በትሩ፣ አንዳንዴ በሰፊው ጥላ የታወቀው ዛፍ ሳይቀር ይቆረጥና ይነዳል። ሕዝብ ዙሪያውን ቆሞ ያጨበጭባል፣ ይዘምራል፣ ነበልባሉ ከፍ ሲል እልል ይላል። አዲሱ አማኝ በገዛ ፈቃዱ በገዛ ዕቃው ያሻውን ማድረግ ይችላል፤ አልከለክልም። ነገር ግን አንድ እንግዳ ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ በዚያ ቅጽበት ቢደርስና ሁለቱን ጉባኤ ቢያነጻጽር፣ አንዱ ወገን በጥቂት ፍም ዙሪያ ተቀምጦ ለከብትና ለልጅ ሲለምን፣ ሌላው ወገን በትልቅ ነበልባል ዙሪያ ሲጨፍር ቢያይ፣ እሳት የሚያመልከው የትኛው ነው ይላል?

በዩካታን ዲየጎ ደ ላንዳ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1562 የማያዎችን መጻሕፍት ሰብስቦ አቃጠለ። ኋላ ስለዚያው ሕዝብ እርሱ ራሱ መጽሐፍ ጻፈ፤ ዛሬ ሊቃውንት ያቃጠለውን ለማወቅ የጻፈውን ያገላብጣሉ። የሚያቃጥል ሁሉ ባዕድ ነው ማለትም አይደለም። ከስፔኖቹ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የአዝቴኩ ንጉሥ ኢትስኮዋትል የገዛ ሕዝቡን የታሪክ መጻሕፍት እንዳስቃጠለ የሳአጉን ሽማግሌዎች ተናግረዋል። በኛም አገር ጨሌውን ወደ እሳት የሚወረውረው የሴትየዋ ልጅ ነው።

እስካሁን ከራሴ ቤት ሰዎች ጋር ተጣላሁ። ከዋቄፈና ተሟጋቾች መካከልም ልጣላው የሚገባ አለ። ይኸኛው ከተማ የሚኖር፣ ባህል ልብስ ለብሶ ኢሬቻ የሚወርድ፣ ገልማ ገብቶ ግን የማያውቅ የተማረ ሰው ነው። «እሳት አምላኪ» መባሉ ስላሳፈረው ሃይማኖቱን ያጥበዋል። «ዋቄፈና ከዓለም ሁሉ በፊት አንድ አምላክ ያወቀ ነው፤ አይሁድም ግብጽም ከኛ ነው የቀዱት» ይላል። አያናን ሲጠይቁት «እርሱ የኋላ ብክለት ነው» ይላል። ቃሉውን ሲጠይቁት ይሽኮረመማል። ምርቃቱን ወደ ስብከት፣ ሣፉን ወደ ዐሥርቱ ትእዛዛት፣ ገልማውን ወደ ጸሎት ቤት ይለውጠዋል። ሲጨርስ በእጁ የቀረው ስሙ የተቀየረ ክርስትና ነው።

ይህም በሜክሲኮ ታይቷል። የቴሽኮኮ ንጉሥ የነበረው ኔሳዋልኮዮትል እ.ኤ.አ. ከ1402 እስከ 1472 የኖረ ባለቅኔ ገዢ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ኢሽትሊልሾቺትል የተባለ የዘር ልጁ በስፔን ቋንቋ ታሪክ ጻፈና፣ አያቴ ጣዖትን የናቀ፣ የሰው መሥዋዕትን የጠላ፣ ለማይታይ አንድ አምላክ መቅደስ የሠራ ነበር አለ። ጸሐፊው የሚኖረው በክርስቲያን ገዢዎች ሥር ነበር፤ አያቱን በእነርሱ ዐይን የሚያስከብረው ምን እንደሆነ ያውቃል። የዛሬ ተመራማሪዎች ያንን ምስል በብርቱ ይጠራጠሩታል። ሰውየው አያቱን አከበርኩ ብሎ እውነተኛውን አያቱን ሸፈነብን፤ ንጉሡ ማታ ማታ ምን ብሎ ይጸልይ እንደነበር ዛሬ ከዚያ መጽሐፍ ማወቅ አይቻልም።

የኛ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ዋቃ አንድ መሆኑን ለመናገር ፈጠራ አያስፈልግም። ጀርመናዊው ክራፕፍ ማንም ስለ ኦሮሞ ብሔርተኝነት ሳያወራ እ.ኤ.አ. በ1842 ባሳተመው የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ዋቃን ጽፎታል። ስለዚህ «የትናንት የፖለቲካ ፈጠራ ነው» የሚለውም ወገን አፉን ይያዝ። አዲስ የሆነው ማኅበሩና ማይክራፎኑ ነው፤ ጸሎቱ አይደለም። ግን ዋቃ አንድ ነው ብሎ አያናን መደበቅ ለምን አስፈለገ? ኦርቶዶክሱ መላእክትና ቅዱሳን አሉት፣ አንድ አምላክ ብሎ ያምናል፤ ማንም «መላእክቱን ካልጣልክ ጣዖታዊ ነህ» አይለውም። ቢለውም አይሰማውም። የሲሬው ሽማግሌም ዋቃ አንድ ነው ይላል፣ አያናንም ያውቃል፣ ምድጃው ዳርም ይመርቃል። ሙሉው ይኸው ነው። የሚጣላው ካለ ከሙሉው ጋር ይጣላ።

በመስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለምስጋና የወጣ ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስና በግርግር ብዙ ሰው አጣ። በሦስተኛው ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ ኢሬቻ አዲስ አበባ ላይ ተከበረ። የገዳ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። በቴሌቪዥን ኢሬቻ ሲታይ የኛ ተሳዳቢም ያጨበጭባል፤ «ባህላችን ነው» ይላል። ባህል ሲሆን ይወደዋል፣ ሃይማኖት ሲሆን ይሰድበዋል። ሣሩን ይዞ ፎቶ የተነሣ ሰው ማግስቱን ሣሩ ለማን እንደተያዘ የሚያውቀውን ሽማግሌ እድር ያስወጣዋል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጹ ማንም ሰው የፈለገውን ሃይማኖት የመያዝና የመከተል ነጻነት ሰጥቶታል። ወረቀቱ ሲሬም ይሠራል። እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። መዋጮ የተቀበለ እድር ጡሩምባውን ይንፋ። ወረዳው ለዋቄፈታዎች የመቃብር ቦታ ይከልል፤ ዳገቱ ላይ ቢሆንም አንሸሽም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ73 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲቆጠር ከመቶ 3 የማይሞላው «ባህላዊ» በሚል መደብ ተጠርቅሞ ነበር፤ የሲሬው ዋቄፈታ፣ የኦሞው ሐመር፣ የጋምቤላው ሽማግሌ ሁሉም በአንድ ጆንያ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ ሳይደረግ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ቀን ይደረግ ይሆናል። ያን ጊዜ ቆጣሪው ቅጹን ይዞ ሲሬ ሲመጣ፣ ሃይማኖቶ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅና ሽማግሌው ከምድጃው ዳር ቀና ብለው ሲመልሱለት፣ የመለሱትን ቃል የሚጽፍበት መስመር ይኑረው።